ከደወሌ ወዲያ

ረድኤት የወንድሟን ሞት የሰማችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የልጆቿን ልብስ ገመድ ላይ እያሰጣች ነው። ከጅቡቲ የደወለላት የወንድሟ ሚስት የሶስና ታላቅ ወንድም ነበር። ወንድሟ ናሆም ጠዋት ወደብ ላይ ሥራ እንደጀመረ ሙቀቱ ጣለው፤ ሐኪም ቤት ሳያደርሱት አረፈ። ሰውየው ይህን ተናግሮ፣

«ነገ የምትመጡበት ባቡር እንዳለ ነው አይደል?» አላት።

«እንዳለ ነው።»

«እንግዲያው እናትሽ እንዳይሰሙ። አንቺም...» ቃሉን ፈለገው። «አንቺም እንዳልሰማሽ ሁኚ። ቀብሩን እስከ ሐሙስ እናቆየዋለን።»

ረድኤት ስልኩን ዘጋችና የቀረውን ልብስ አሰጣች። ከዚያ ሳቢያን ሰፈር ወደሚገኘው የእናቷ ቤት ሄዳ ሻንጣ በመሸከፍ ታግዛቸው ጀመር። እማማ ሶልያና የሚሄዱት ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ነበር። ቲኬቱ የተቆረጠው ልጁ እንደተወለደ ነው። ለአራሷ የገንፎ ዱቄት፣ በጠርሙስ የታሸገ ቅቤ፣ ለልጁ ነጭ የክርስትና ልብስ አልጋው ላይ ተደርድሯል። እናቷ እያንዳንዱን እያነሱ ያሳዩአታል። እሷም «ያምራል» ትላለች።

ድሮ መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎረቤት አጥር ጥግ ቆሞ፣ ባለቤቱ ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ። አሁን ድሬዳዋ ውስጥ ከድንበሩ ማዶ ዘመድ ላለው ሰው መርዶ የሚነገረው ከድንበሩ ጣቢያ፣ ከደወሌ ወዲያ ነው። ከድንበሩ ማዶ ባለው አሊ ሳቢህ ጣቢያ አጠገብ ለዚሁ የሚከራይ አዳራሽ ሁሉ አለ። ወንበር የለውም፤ ምንጣፍ ብቻ ነው። የሶስና ዘመዶች ነገ እዚያ ሽማግሌ ይዘው ይጠብቃሉ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ያልተረጋጋ መንገደኛ ድንበር አይሻገርም። ደንቡ ለምን እንደወጣ የሚያስታውስ ሰው ብዙ የለም፤ አንዳንዱ ድንበሩ ላይ ከነበረው ረብሻ በኋላ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ያዘነ ሰው ሄዶ ስለሚቀር ነው ይላል። የባቡሩ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፤ ወንበሩ ልብህን ይሰማል። ልብህ ከተረበሸ ደወሌ ላይ በትህትና ትወርዳለህ፤ እስክትረጋጋም ቤትህ ትቆያለህ። መረጋጋትህን የሚወስነው ደግሞ ያው ወንበር ነው። የሰፈራቸው ሰው ጋሽ ዳግማዊ ልጃቸው ጅቡቲ ታማ ሊጠይቋት ተሳፈሩና ወረዱ። ልጅቷ ዳነች፣ አገባች፣ ወለደች። እሳቸው ግን ዛሬም ይሞክራሉ፤ ዛሬም ይወርዳሉ። አሁን ምንም የሚያስጨንቃቸው ነገር የለም። ባቡሩን ሲያዩ ብቻ ልባቸው ይመታል።

ረቡዕ ጠዋት ባሏ ታምራት ጣቢያ አደረሳቸው። ነገሩን ሌሊቱን ነግራዋለች። ልጆቹን ቤት ነው የተሰናበተቻቸው፤ ጣቢያ ላይ የሚሳሳም ሰው የለም። ታምራት እጇን እንደ ሥራ ባልደረባ ጨበጣትና «ውሃ ጠጪ» ብሏት ዞሮ ሄደ።

መንገደኛው ሁሉ ቀደም ብሎ ገብቶ ቀዝቃዛው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። የሚሮጥ የለም። የሚከራከር የለም። ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ ቶሎ ይዛው ወደ ውጭ ትወጣለች። ማረጋጊያ ኪኒን የዋጠ ሰው እንዳይሳፈር በአራት ቋንቋ ይነገራል፤ ከልክ በላይ የረጋ ልብም ያው ያስወርዳል።

ወንበራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከክንድ ማሳረፊያው ጫፍ ያለችው ትንሽ መብራት ነጭ ሆና በራች፤ መጀመሪያ የእናቷ፣ ቀጥሎ የእሷ። ነጭ ማለት የረጋ ልብ ነው። ፊት ለፊታቸው ጉሌድ የሚባል ነጋዴ ተቀምጧል። በየወሩ የሚመላለስ ሰው ነው፤ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ሙስባሃውን፣ በጣቱ እያንከባለለ በከፊል የተኛ ይመስላል። ከመተላለፊያው ማዶ አዲስ ሱፍ የለበሰ ወጣት አለ። ስሙን ኢዮስያስ ብሎ ነገራቸው፤ ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ ቅዳሜ ሊያገባ እንደሚሄድ ጨመረ። መብራቱ ከወዲሁ ቢጫ ነበረች።

«ወንድሜ» አለው ጉሌድ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ስለ ጥርስ ሐኪም አስብ።»

«ምን?»

«ጥርስህን ሲነቅሉህ አስብ። ስለ ሙሽራይቱ አታስብ። ከደወሌ ወዲያ እንደልብህ ታስባታለህ።»

ልጁ ሳቀ፤ መብራቷ ይብስ ደመቀች። ጉሌድ ራሱን ነቀነቀ።

ባቡሩ ሽንሌን አልፎ ሜዳው ላይ ወጣ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል መስኮቶቹ በራሳቸው ጠቆሩ። ውጭ ያለው ሁሉ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ደረቁ የወንዝ አሸዋ፣ ቅጠል የሌለው ግራር፣ ሰው ለቆት የሄደ መንደር። እማማ ሶልያና ያወራሉ። ልጁ የማንን አፍንጫ እንደወረሰ፣ ሶስና ጡቷ ወተት ይበቃው እንደሆነ፣ ቄሱ በዚያ ሙቀት ውሃውን እንዴት አቀዝቅዘው እንደሚያጠምቁት ያወራሉ። ረድኤት «እ» እያለች ትሰማለች። እናቷ ለልጃቸው ስልክ ደውዪልኝ እንዳይሏት ከሌሊት ጀምሮ ትፈራ ነበር። አላሏትም። የናሆምንም ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠሩትም። ለምን ብላ ግን አላሰበችም፤ ተመስገን ብቻ አለች።

መተንፈስ ሥራ ሆኖባት ነበር። ስለ ወንድሟ ላለማሰብ ስለ ልብስ ገመዱ ታስባለች፤ ገመዱ ደግሞ ስልኩን ያመጣባታል። ስለ ልጆቿ ስታስብ፣ ትልቁ ልጇ ሲስቅ ናሆምን እንደሚመስል ትዝ ይላታል። የትም ብትሄድ ወንድሟ ቀድሟት ደርሷል።

አይሻ ሲቃረቡ እናቷ ቦርሳቸውን ከፍተው የክርስትናውን ልብስ አወጡና ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«ይሄን አባቱም ተጠምቆበታል» አሉ ጥለቱን እየዳበሱ። «ቢጫ እንዳይሆን ስንት ጊዜ ነጭ ሳሙና ፈጀሁበት።»

የረድኤት መብራት ቢጫ ሆነች።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አየቻትና ክንዷን ሰበሰበች። ከኋላ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ትንሽ ወደኋላ ሳበ። ክፋት አልነበረውም፤ ሰው ጉንፋን የያዘው ሰው አጠገብ ሲቀመጥ የሚያደርገው ነው። አንዱ ሲረበሽ ሌላውም ይረበሻል፤ አንዱ ሲወርድ ባቡሩ ይቆማል።

አስተናጋጇ መጣች። ባቡሩ ላይ ያለችው ብቸኛ ሠራተኛ እሷ ናት፤ ደረቷ ላይ «ፈትያ» የሚል ስም ተለጥፏል። ቀዝቃዛ ውሃና እርጥብ ፎጣ ይዛ መተላለፊያው ላይ በርከክ አለች።

«እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«መብራቷ ቢጫ ከሆነች ምክንያቱን መጠየቅ አለብኝ፤ አትቀየሚኝ። ምን ሆነሽ ነው?»

ረድኤት አፏን ከፈተች። አንድ ውሸት አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ አሁን ግን ጠፋባት። የቀራት እውነቱ ብቻ ነበር። ሐዘን ካለች ደወሌ ላይ ሁለቱም ይወርዳሉ፤ ናሆምም ነገ ያለ እናቱ ይቀበራል።

«ከባሏ ጋር ተጣልታ ነው» አሉ እማማ ሶልያና።

ፈትያ ቀና ብላ አየቻቸው። ረድኤትም አየቻቸው።

«እኔ አፌን ዘግቼ ነበር። ይኸው ሰው ፊት አስወራችኝ። ጠዋት ጣቢያ ሲያደርሳት አላየሽውም? እንደ ባዳ ጨብጧት ሄደ!»

«እማማ፣ ጣቢያ ላይ እኮ ሁሉም ሰው...» አለች ፈትያ።

«ቤትም ያው ነው የኔ ልጅ! ባልሽ እንዲህ ቢያደርግሽ አንቺስ ልብሽ አይመታም?»

ፈትያ ፈገግታዋን ዋጠችና የእጅ መሣሪያዋን ነካ ነካ አደረገች። ንዴት ነው ብላ መዘገበች። ንዴት ይፈቀዳል፤ ደወሌ ሳይደርሱ ከበረደ ቁም ነገር አይሆንም። «ውሃውን ጨርሺው» አለቻት። ከተነሣችም በኋላ ትንሽ ቆም ብላ እናትየዋን ተመለከተች። የእማማ ሶልያና መብራት እንደ ወተት ነጭ ናት። አዲስ የተወለደ የልጅ ልጇን ለማየት የምትሄድ ሴት መብራት እንዲህ አይነጣም። ፈትያ ይህን ሳታውቅ አትቀርም። መሣሪያዋን ኪሷ ከትታ ሄደች።

«እማዬ፣ ታምራት ምን አደረገሽ?» አለች ረድኤት ቀስ ብላ።

«ምንም። ደህና ልጅ ነው። ውሃሽን ጠጪ።»

ደወሌ ላይ ባቡሩ ቆመ። ወታደር የለም፣ ኬላ የለም፣ ማኅተም የሚመታ ሰው የለም። በሮቹ ዝግ ናቸው። የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰው ሁሉ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን ያያል። በዚህ ጊዜ ከወንበር መነሣትም ሆነ የሌላ ሰው ገላ መንካት ክልክል ነው።

ድምፁ የመጣው ከየወንበሩ ራስ ነው። የሴት ድምፅ ነው፣ ሞቅ ያለ፣ የአክስት ዓይነት። መጀመሪያ ያናገረው ኢዮስያስን ነበር።

«ውድ መንገደኛችን፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ለጊዜው ግን ጉዞዎን መቀጠል አይችሉም። ሲረጋጉ ይምጡ።»

የወጣቱ መብራት ቀልታ ነበር።

«ደስታ እኮ ነው!» አለ። «ደስ ብሎኝ እኮ ነው! ላገባ ነው!»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ ድምፁ እንደገና። በእሱ በኩል ያለው በር ተከፈተና የእሳት የመሰለ ወላፈን ገባ። ልጁ ዙሪያውን አየ። ማንም አላየውም። ወንበሩ የሚያውቀው ልብ ምን ያህል እንደመታ ነው እንጂ ለምን እንደመታ አይደለም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ልጁም ያውቃል። ሱፉን ቆልፎ ወረደ። በሩ ተዘጋ። ረድኤት በጠቆረው መስኮት ውስጥ መድረኩ ላይ ብቻውን ቆሞ አየችው፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶበታል።

«ውድ እናታችን ወይዘሮ ሶልያና» አለ ድምፁ፣ «ማንን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት?»

«ልጄን። ናሆምን።»

«ይጠብቅዎታል?»

«አዎ» አሉ እማማ ሶልያና። «ይጠብቀኛል።»

መብራቷ ዝንፍ አላለችም።

«መልካም ጉዞ። ወይዘሮ ረድኤት፣ እርስዎስ ማንን ሊጠይቁ ነው?»

ወንድሜን ማለት ነበረባት። አንድ ቃል ናት። ቃሏ ግን ከሆዷ ሁሉን ነገር ጎትታ ይዛ ልትወጣ ሆነ። መብራቷ ቢጫ ሆነች። ከዚያ ብርቱካን። የልቧን ምት በጆሮዋ ሰማችው፤ መስማቷ ደግሞ ይብስ አስሮጠው። ጉሌድ ሙስባሃውን ማንከባለል አቆመ።

«የጓዳውን መስኮት ዘግተሻል?» አሉ እናቷ ፊት ለፊታቸውን እያዩ።

«እ?»

«የጓዳዬን መስኮት። ትናንት ማታ።»

«ዘግቼዋለሁ።»

«የውሃ ታንከሩንስ ክዳን?»

«እሱን... አላየሁትም።»

«አላየሁትም!» አሉ እማማ ሶልያና። «ስንቴ ነው የምነግርሽ? ያቺ የጎረቤት ድመት ወጥታ ትጠጣበታለች። ባለፈው ፀጉሯን ከጀሪካን ውስጥ ለቅሜ ነው ያወጣሁት። ትሰሚያለሽ? አርባ ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ አንድ ክዳን መግጠም አቃተሽ።»

«ታምራት ይገጥመዋል።»

«ታምራት! ታምራት ደግሞ ቀን ሙሉ የት ይገኛል? እንደዚህ ሆነሽ ነው ቤት የምታስተዳድሪው?»

ረድኤት ተናደደች። እውነተኛ፣ ትንሽዬ፣ የለመደችው ንዴት ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ድምፅ ስትናደድ ኖራለች። ትከሻዋ ወረደ። ትንፋሿ ወደ ቦታው ተመለሰ። «እሺ በቃ፣ እደውልለታለሁ» አለች፤ ከዚያም በዚያው ድምፅ፣ ለባቡሩ፣ «ወንድሜን ልጠይቅ ነው» አለች።

መብራቷ ቢጫ ሆነች። ትንሽ ቆየች። ነጣች።

«መልካም ጉዞ» አለ ድምፁ።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ማንም አልተነፈሰም። የድንበሩ ምሰሶ በመስኮቱ ካለፈ በኋላ ግን ሰረገላው በአንድ ጊዜ ተፈታ። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ አጨበጨበ። ከኋላ አንዲት ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፍና ስታለቅስ ተሰማች፤ እሷም የሆነ ነገር ይዛ ነበር ለካ። ከዚህ ወዲያ ከወንበር መነሣት ይፈቀዳል። በግድ መውረድ የለም። ወንበሩ ግን መስማቱን አያቆምም፤ የሚመለስ ሰው በሚመለስበት ቀን የሚጠብቀው ዛሬ የተመዘገበው ልቡ ነው። ረድኤት አርብ መመለስ አለባት። ሁለት ልጆች አሏት። ስለዚህ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«አለፍን?» አሉ እናቷ።

«አለፍን እማዬ።»

«ከዚህ ወዲያ ሊመልሱን አይችሉም?»

«አይችሉም።»

«እንግዲያው ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ረድኤት።» ሙሉ ስሟን ሲጠሩ ቀልድ የለም። «ልጄ ምን ሆኖ ነው?»

እናቷ የክርስትናውን ልብስ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት፤ ድምፃቸው አልተለወጠም።

«ናሆም በየማታው ይደውልልኛል። ትናንት ማታ አልደወለም። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ሻንጣ ታስሪያለሽ፤ ዛሬስ ደወለልሽ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ሁልጊዜ ትጠይቂኛለሽ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብትነግሪኝ ወንበሩ ይሰማዋል።» እጃቸውን አነሡና የልጃቸውን ጉንጭ ነኩ። «ካልነገርሽኝ ግን ልጄ አለ። በልቤ አለ አልኩ፣ አለ አልኩ፣ ሌላ ነገር አላስገባሁበትም። እስከዚህ ድረስ በሕይወት ይዤው መጣሁ። ከዚህ ወዲያ አቅም የለኝም። ንገሪኝ።»

«ሙቀቱ ነው እማዬ» አለች ረድኤት። «ትናንት ጠዋት። ሐኪም ቤት አልደረሰም።»

የእማማ ሶልያና መብራት ቢጫ ሆነች፤ ከዚያ ቀላች። ነጠላቸውን አውልቀው ለሐዘን እንደሚለበሰው ገልብጠው አጣፉት። ከዚያ የፊተኛውን ወንበር ተደግፈው ተነሡ።

«የት ነው እማዬ?»

«ልጄን ወንበር ላይ ተቀምጬ አላለቅሰውም።»

መተላለፊያው ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት፣ እግራቸውን አጥፈው። ቀና ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

«አንቺም ነዪ።»

የረድኤት መብራት ልትቀላ ደርሳ ነበር። እናቷን ይዛ ወለሉ ላይ ስትወርድ መብራቷ ወዲያው ነጣች። ወንበሩ የሚሰማው የተረበሸ ልብ አጥቶ ነበር። ረድኤት ይህን አየች፤ ገባት፤ ከዚያ ስለ ወንበሩ ማሰብ ተወች። ከማክሰኞ ጀምሮ የያዘችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «ወንድሜ!» አለች፤ የራሷ ድምፅ አስደነገጣት።

ጉሌድ ሙስባሃውን ኪሱ ከተተና ተነሣ። ከባድ ሰውነቱን ቀስ እያደረገ ከጎናቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በራሱ ቋንቋ የሞተን ሰው የሚያስታውሱበትን ጸሎት አጉረመረመ፤ ከዚያ በአማርኛ «እግዜር ያጥናችሁ እናቴ» አላቸው። ቀጥላ ክንዷን የሰበሰበችው ሴት ወለሉ ላይ ወረደች። ከኋላ በሻሿ ተሸፍና የምታለቅሰው ሴት መጣች፤ እሷ የምታለቅሰው የራሷን ሰው ነበር፤ ግን እዚያው ተቀመጠች። መተላለፊያው ሲሞላ የቀሩት በወንበሮቹ መሐል ባለው ቦታ ተጣጥፈው ተቀመጡ።

«ውድ መንገደኞቻችን፣ ለደኅንነታችሁ ሲባል እባካችሁ ወንበራችሁን ያዙ» አለ ድምፁ።

ፈትያ ከሰረገላው በር ላይ ቆማ አየቻቸው። መሣሪያዋ በእጇ ይንጫጫል። አጠፋችውና ኮፍያዋን አወለቀች።

አሊ ሳቢህ ሲደርሱ የሶስና ዘመዶች ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መድረኩ ላይ ይጠብቁ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ የሚናገሩትን ሲያጠኑ ነው ያደሩት። ባቡሩ ቆመ። በመስኮቱ በኩል የታያቸው በረድፍ የተደረደረ ባዶ ወንበርና በያንዳንዱ ላይ የበራ ነጭ መብራት ብቻ ነበር። ሰው ያልያዘ ባቡር መሰላቸው። በሩ ሲከፈት ግን ለቅሶው ከወለሉ ላይ ተነሥቶ ወጣ።

ሽማግሌው ያጠኑትን ተዉት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ፤ ፈትያ ጠጋ አለችላቸው። ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው ከእማማ ሶልያና አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እናትየዋ ስለ ናሆም እየተናገሩ ነበር፤ እንዴት እንደሚስቅ፣ እንዴት እንደሚበላ፣ በየማታው ደውሎ ምን እንደሚላቸው። የወንበሮቹ ድምፅ ደግሞ ደጋግሞ ወንበራችሁን ያዙ ይላል። ወንበር ካልተያዘ ባቡሩ አይነሣም። ባቡሩም ቆሞ ጠበቀ።